የእድሩ ወንበር ስሞታ

እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ይህን ለሰፈሬ ሰው ማስረዳት ኮዱን ከመጻፍ ይከብዳል። ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሶኬት ያለውን ነገር ሁሉ ይጠግናል ብለው ስለሚያምኑ ቴሌቪዥን አምጥተውልኛል፤ ካውያ አምጥተውልኛል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሶኬት እንኳ የሌላት የእግር ስፌት መኪና አምጥተውልኛል። የስፌት መኪናዋን እንዳጋጣሚ ሠራኋት። ከዚያ በኋላ ማን ያስጥለኝ!

የእኔ ችግር ግን ሌላ ነው። ቁም ነገር መጻፍ አልችልም። ጣቴ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ሳልጠራው ቀልድ ይመጣል። በአማርኛ የተሠሩ አፖችን ልብ ብላችሁ እንደሆነ ሁሉም የሚናገሩት እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ነው። «ያልተጠበቀ ስህተት አጋጥሟል» ይላሉ። የሚጠበቅ ስህተት ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ማንስ ነው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው? ድሮ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት «ኔትወርክ የለም» በሚለው ፈንታ «ኔትወርኩ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል፤ ሲመለስ እንጠራዎታለን» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ደንበኛ ደውለው «የት ነው የሚጠጣው? ልሂድና ላምጣው» አሉ። አልቀለዱም፤ ተናደው ነበር። ከዚያ መሥሪያ ቤት በሰላም ተሰናበትኩ።

ትርፍ ቀልዴን የማፈስበት የቴሌግራም ቻናልም አለኝ። ተከታዮቼ ጥቂት ናቸው፤ ግማሾቹም ሮቦት ሳይሆኑ አይቀሩም። እውነቱን ለመናገር ሮቦቶቹን እመርጣለሁ። ቢያንስ «ይሄ ደግሞ ምኑ ያስቃል?» ብለው አይጽፉልኝም።

አሁን የምሠራው መካኒሳ አቦ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። አለቃዬ በረከት ይባላል፤ የሆሳዕና ልጅ፣ ጴንጤ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። አዲስ ሥራ ሰርቨር ላይ ከመጫኑ በፊት ሁላችንንም አስነስቶ ይጸልያል። አትሳቁ። ከእርሱ በፊት ያየኋቸው አለቆች የሚጸልዩት ሥራው ከተበላሸ በኋላ ነበር። በረከት የቀጠረኝ ቻናሌን ሳያይ ነው። ካየ በኋላ ደግሞ የሙከራ ጊዜዬ ጀምሮ ነበርና «ብሩክ ነሽ፤ ብቻ ደንበኛ ላይ አትቀልጂ» ብሎ አለፈኝ።

እኔም አልቀለድኩም። እማዬ ደንበኛ እስክታመጣልን ድረስ።

እማዬ ጎፋ ያለው የሰፈራችን እድር አባል ናት። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ እርጅና ተጫናቸውና ተቀመጡ። ባይቀመጡም ሰፈሩ ሁሉ ፎቅ እየሆነ ጡሩምባቸው አራተኛ ፎቅ ላይ አይሰማም ነበር። ስለዚህ ልቅሶ ሲኖር ለአባላቱ በሙሉ በስልክ መልእክት የሚልክ ነገር ይሠራልን ተባለ። እማዬ ከስብሰባው መሀል ተነስታ «ልጄ ትሠራዋለች!» አለች። እኔን ሳትጠይቅ። ስፌት መኪና የሠራች ልጅ ምን ያቅታታል?

ሊቀመንበሩ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ፤ የሰፈሩ ጎልማሳ ሁሉ በልጅነቱ አርፍዶ በእርሳቸው ፊት ተንበርክኳል። ዛሬም ሚስት ያገባ፣ ልጅ የወለደ፣ መኪና የሚነዳ ሰው ጋሽ ደምሴን መንገድ ላይ ሲያይ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል። ሲስቁ ያያቸው የለም። እማዬ እንደምትለው በሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ ፈተና የሚፈትኑ ነው የሚመስሉት። ቢሯችን መጥተው ወንበር ሲቀርብላቸው ሳይቀመጡ በረከትን አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«እድር የሐዘን ቤት ነው» አሉ። «ፌዝ አልፈልግም።»

«ምንም ፌዝ የለም ጋሼ» አለ በረከት። እኔን እያየ ነው የመለሰላቸው።

«እሺ» አልኩ። ከልቤ ነበር።

ከመልእክቶቹ አንዱ የእድሩን ንብረት የሚመለከት ነበር። ይህን ትንሽ ላስረዳ። እድራችን ወንበር አለው፣ ድስት አለው፣ ድንኳን አለው። ሰው ልቅሶ ሲደርስበት ይወስዳል። ያለቀሰን ሰው «ወንበር መልስ» አይሉትም፤ ነውር ነው። ሐዘኑ ሲያልፍ ደግሞ ጊዜው ያልፋል፤ ያኔ ቢጠየቅ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲያሙኝ ኖረዋል ማለት ነው!» ብሎ ይቀየማል። ወንበሩን የያዘውም መመለስ እየፈለገ «እስካሁን የት ነበርክ?» እንዳይባል ያፍራል። እንዲህ ጠያቂም ተጠያቂም በይሉኝታ እየተሳቀቁ ወንበሩ በየቤቱ ያረጃል። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ግማሹ አባል ቆሞ ነው የሚሰበሰበው፤ የተቀመጠውም ማን ቤት ስንት ወንበር እንዳለ ያውቃል፤ ማንም ግን አይናገርም።

ጋሽ ደምሴ በየጉባኤው የሚያነቧት አንዲት ማሳሰቢያ ነበረቻቸው። «ንብረት ያልመለሳችሁ አባላት በአስቸኳይ ካልመለሳችሁ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት አስፈላጊው እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።» በዚህች ማሳሰቢያ ማንኪያ እንኳ ተመልሶ አያውቅም። እሷኑ በስልክ እንድንልክላቸው ሰጡን።

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ቁጭ ብዬ ሙከራ እሠራለሁ። ሥርዓቱ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ መልእክቱን ወደ እኔ ስልክ ብቻ ይልካል፣ ሌላው ወደ አባላቱ በሙሉ። የጋሽ ደምሴን ማሳሰቢያ ለራሴ ልላክ ብዬ ሳነባት፣ የእድሩን ወንበር ሰርቄ ባላውቅም የጥፋተኝነት ላብ አጠመቀኝ። ጣቴ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እስቲ ለራሴ ልሳቅ ብዬ ይህን ጻፍኩ፦

«ውድ አባላት፣ እኔ የእድራችን ወንበር ነኝ። ጀርባዬ ላይ በሰማያዊ ቀለም የእድሩ ስም ተጽፏል። ለልቅሶ ብላችሁ ወሰዳችሁኝ። ልቅሶው አለቀ፤ እንባው ደረቀ፤ እኔ ግን እስካሁን ሐዘን ላይ ነኝ። መጀመሪያ ሳሎን አስቀመጣችሁኝ። ከዚያ በረንዳ አወጣችሁኝ። አሁን ጓሮ ነኝ፤ ዶሮ ታድርብኛለች። ወንድሞቼ መጋዘን ውስጥ ተደራርበው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ቁጣ የለም፣ ጥያቄ የለም፤ በሩ ላይ ጥላችሁኝ ብትሮጡም ይቅር ብያለሁ። አራት እግር ቢኖረኝም ብቻዬን መምጣት አልቻልኩም።»

ላክሁት። ስልኬ ጮኸ። አንብቤ ሳቅሁ። ከዚያ ወጥ ቤት የእማዬ ስልክ ጮኸ። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የጎረቤታችን ስልክ ጮኸ። ሥርዓቱን ከፍቼ አየሁ። ለካ ባለፈው ቀን ለጋሽ ደምሴ የእሑዱን ጉባኤ ጥሪ እንዴት እንደሚልኩ ላሳያቸው ብዬ መንገዱን ወደ አባላቱ አዙሬው ነበር። አልመለስኩትም።

ይህን እድር የማያውቅ ሰው «ታዲያ ምን አለበት? አንብቦ ይስቃል» ሊል ይችላል። ተሳስቷል። ከእድር የሚመጣ መልእክት ተከፍቶ አይነበብም። ስሙ ስልኩ ላይ ሲታይ ሰው መጀመሪያ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ከዚያ ይወጣል፣ ማን እንደሞተ መንገድ ላይ ይጠይቃል።

እማዬ ከወጥ ቤት ስትወጣ ነጠላዋ ተዘቅዝቆ፣ ጥቁር ሻሿ ታስሮ አልቋል። መቼ እንዳሰረችው አላውቅም።

«ወይኔ ልጄ! ማን ይሆን?»

«እማዬ ቆይ፤ ሰው አይደለም። ወንበር ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

«ወንበር! የሚቀመጡበት!»

«ስም አወጣሽለት? ሰው ሞቶ ትቀልጃለሽ?» ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው።

ሮጬ ወጣሁ። መንገዱ ነጠላ በነጠላ ሆኗል። ሁሉም ወደ እድሩ አዳራሽ ይጣደፋል። ከኮንዶሚኒየሙ የሚወርዱ አሉ፤ ከባጃጅ የሚዘሉ አሉ። እትዬ ብርቄ የተባሉ ጎረቤታችን ደግሞ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆመው ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ከድር ሰሞኑን ታመው ስለነበር ከእርሳቸው ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ብለው ደምድመዋል።

«ደጉ ጋሽ ከድር! ሚስማር በዱቤ የሚሰጡን! ሰው የማያስቀይሙት!»

ጋሽ ከድር ሱቃቸውን በጥድፊያ ዘግተው ልቅሶ ሊደርሱ እየመጡ ነበር። ከእትዬ ብርቄ ኋላ ቆመው ትንሽ አዳመጡ።

«ብርቄ፣ ለማን ነው የምታለቅሺው?»

እትዬ ብርቄ ዞረው ሲያዩአቸው ሁለተኛ ጮኹ፤ ይሄኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ሲረጋጉ «ለእርስዎ ነበር» አሉ በሀፍረት።

«አሃ። እንግዲያው ካልቸገረሽ ቀጥይ» አሉ ጋሽ ከድር ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ። «ሰው የማያስቀይሙት ካልሽ በኋላ ምን ልትይ ነበር?»

አዳራሹ ጋ ስደርስ ጋሽ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው በሩ ላይ ቆመዋል። ሕዝቡ «ማን ነው? ማን ነው?» ይላል። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ዘረጉና የሟቹን ስም ለማሳወቅ በዚያ በሰልፍ ሜዳ ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ።

«ውድ አባላት! እኔ የእድራችን ወንበር ነኝ!»

እርሳቸው የጀመሩትን የሚያቋርጡ ሰው አይደሉምና ቀጠሉ። «ልቅሶው አለቀ! እንባው ደረቀ!» ሰው ነጠላውን አፉ ላይ ከተተ። «ዶሮ ታድርብኛለች!» ሲሉ ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነዳው። ከዚያ ማን ይያዘው? ጥቁር የለበሰ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አላፊ አግዳሚው ከባድ ሐዘን መስሎት «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ ያልፋል።

ጋሽ ደምሴ ብቻ አልሳቁም። እስከ መጨረሻው አነበቡና ስልኩን አጥፍተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ዓይናቸው ሕዝቡን አቋርጦ እኔ ላይ መጣ። ሳላስበው ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩ።

በረከት የደወለልኝ ብዙም ሳይቆይ ነው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እህቴ፣ ጋሽ ደምሴ ነገ ጉባኤው ፊት ቆመሽ ይቅርታ እንድትጠይቂ ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ውሉን ያፈርሳሉ።»

«እሺ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ሌሎች እድሮችም የእነሱን አይተው ሊመጡ ነበር። ውሉ ከፈረሰ እኔም አንቺን ማቆየት አልችልም። ጌታ ያውቃል፤ አልፈልግም ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ተገልብጬ ተኛሁ። ከሥራው ይልቅ ያንገበገበኝ የእማዬ ነገር ነበር። «ልጄ ትሠራዋለች» ያለችበትን ስብሰባ አሰብኩ። ነገ ከዚያው ስብሰባ ፊት ልታፍርብኝ ነው። እንዲህ እያሰብኩ ሳለ እሷው ገባች። መልእክቱን አሁን ገና ማንበቧ ነበር።

«ይሄ ዶሮ የኛ ዶሮ ነው!» አለች። «ጓሮ ያለውም የኛ ወንበር ነው! ቤቴን ነው ለሰፈር ሁሉ የጻፍሽው?»

ወጥቼ አየሁ። እውነቷን ነው። በየቀኑ እያየሁት ልብ አላልኩትም እንጂ ዶሮዋ የምታድርበት ወንበር ጀርባ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። አባዬ ሲሞት የመጣ ነው። እማዬ «ሹሽ!» ብላ ዶሮዋን አስወረደችና ወንበሩን ማጠብ ጀመረች።

ይህ የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። እትዬ ብርቄ ከሰዓት በር አንኳኩተው ገቡና ወገባቸውን ይዘው «የኔን ዶሮ ማን ነገረሽ?» አሉኝ። እርሳቸው ሳይወጡ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ፤ አንዲት ሴት «ሳሎን፣ በረንዳ፣ ጓሮ ብለሽ በቅደም ተከተል የጻፍሽው ቤቴ ገብተሽ አይተሽ ነው አይደል?» አለችኝ። ለካ በጎፋ የእድር ወንበር ሁሉ የሕይወት ታሪኩ አንድ ነው።

በይነመረቡን የከፈትኩት ለመጽናናት ብዬ ነበር። አንዱ አባል መልእክቱን ፎቶ አንስቶ ለጥፎታል። ከዚያ አንዱ ለአንዱ ሲያቀብል ከተማውን አዳርሶታል። አንዱ ወጣት ባዶ ወንበር ፊት ማይክ አቁሞ ቃለ መጠይቅ አድርጎለታል፤ ወንበሩ ዝም ይላል፣ ልጁ አንገቱን እየነቀነቀ «ይገባኛል፤ ይከብዳል» ይለዋል። ከሥሩ የተጻፈው አስተያየት ማለቂያ የለውም። «እኛ ቤት ያለው ወንበር ይሄን እንዳያይ ስልኬን ደብቄያለሁ» ይላል አንዱ። «የዶሮዋንም ወገን እንስማ እንጂ» ይላል ሌላው። «ወንበሩ ከአለቃዬ የተሻለ አማርኛ ይጽፋል» ያለም አለ። ስንት ጊዜ ተጨንቄ ተጠብቤ የጻፍኩትን ቀልድ ለሮቦት ሳስነብብ ኖሬ፣ አገር ያሳቀልኝ በስህተት ያመለጠኝ ሆነ። እሱም በስሜ አይደለም። «ወንበሩ ይመቸው!» ነው የሚሉት።

አመሻሹ ላይ ከአዳራሹ መጋዘን በር የእንጨትና የብረት ድምፅ ይሰማ ጀመር። ከቤታችን አጥር ሆኜ አየዋለሁ። አንድ ሰው ወንበር በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ መጣ፤ ግራ ቀኙን አየ፤ አስቀመጠና እውነትም ሮጠ። «ብትሮጡም ይቅር ብያለሁ» ያልኩትን እንደ መመሪያ ነው የወሰደው። አንዲት ሴት ከባጃጅ አውርዳ፣ ለባጃጁ ሹፌር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የአክስቴ ነው!» አለችው፤ ሹፌሩ አልጠየቃትም። ሁለት ጎረቤታሞች ከተለያየ አቅጣጫ ወንበር ተሸክመው በሩ ላይ ተገናኙ። ተያዩ። አንዱ «አንተም?» አለ። ሌላው «ቁጣ የለም፣ ጥያቄ የለም» አለው። ተቃቅፈው ሳቁ።

እሑድ ጠዋትም ቀጠለ። ታዬ የሚባል ድሮ የሰፈራችን ልጅ የነበረ ሰው፣ አሁን መካኒሳ የሚኖር፣ ወንበሩን በሚኒባስ ይዞት መጣ። ረዳቱ ወንበሩን በጎን እያየ «ለእሱም ትከፍላለህ» አለው አሉ። ታዬ «ለምን? የራሱን መቀመጫ ይዞ ነው የመጣው» ብሎት መኪናው ሙሉ እየሳቀ ጎፋ ደረሰ። ከብስራተ ገብርኤል የመጣ አንድ ወንበር ደግሞ የእኛ አይደለም፤ ጀርባው ላይ ያለው ቀይ ቀለም ነው። ያመጡት ሰውዬ «የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ኅሊናዬ ይረፍ» ብለው ጥለውት ሄዱ።

ከሰዓት፣ ሁሉም ከየጸሎት ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ጉባኤው ተጀመረ። በረከት ከጎኔ ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየ መሆኑን አወቅኩ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቀልድ የሌለበት ንግግር በቃሌ ይዣለሁ። አዳራሹን ስቃኝ አንድ ነገር እንግዳ ሆነብኝ፤ ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ከእኔና ከበረከት በቀር የቆመ ሰው የለም። ሕዝቡ በሙሉ ተቀምጧል። ከኋላ ደግሞ ባዶ ወንበሮች ተርፈዋል።

«ልጅቷ ትቅረብ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ቀረብኩ። «የተከበራችሁ አባላት፣» አልኩ፣ «የሐዘናችሁን ቤት መቀለጃ ማድረጌ…»

«አንዴ ልናገር» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴት ተነሱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በእድሩ ደጅ አይተናቸው አናውቅም፤ ኩራት ነው የሚል ነበር፣ ቂም ነው የሚልም ነበር።

«ባሌን ቀብራችሁልኛል» አሉ። «ሦስት ቀን አብራችሁኝ ተቀምጣችኋል። ያኔ ከወሰድኳቸው ወንበሮች የአንዱ እግር ተሰበረብኝ። ነገ አሠርቼ እመልሳለሁ ስል፣ ነገ እያልኩ ቀረ። ከዚያ ስብሰባ መምጣት አፈርኩ። እድር መምጣት ያፈረ ሰው ደግሞ ልቅሶ መድረስም ያፍራል። ስንቱን ሰው ስትቀብሩ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ብቻዬን አልቅሻለሁ። ትናንት ‹ቁጣ የለም፣ ጥያቄ የለም› የሚለውን ሳነብ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ይኸው ከነስብራቱ አምጥቼዋለሁ።» ወንበሩን ከፍ አድርገው አሳዩን። አንዱ እግሩ በሽቦ ታስሯል።

እማዬ ተነስታ ሄደችና እትዬ ዘነቡን አቅፋ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ በቃሌ የያዝኩት ንግግር በሙሉ ጠፋብኝ። ማልቀስ አልፈልግም ነበር፤ አለቀስኩ።

ጋሽ ደምሴ የንብረት ክፍሉን ኃላፊ «ምን ቀረ?» ብለው ጠየቁ። «ወንበሩ ሁሉ ገብቷል ጋሼ። የቀረው ትልቁ ብረት ድስት ብቻ ነው» አላቸው። ጋሽ ደምሴ ፊታቸው ተለዋወጠ። በዝግታ ወደ እኔ መጡና ጎንበስ አሉ።

«ያ ነገር አሁንም ይልካል?»

«ይልካል ጋሼ።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«ጻፊ» አሉኝና በጆሮዬ ነገሩኝ። ስጽፍ ጣቴ ሁለት ጊዜ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋቸው። «ላኪው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ እትዬ ብርቄ ጮክ ብለው አነበቡላቸው።

«እኔ የእድሩ ትልቁ ብረት ድስት ነኝ። ያለሁት ሊቀመንበሩ ቤት ነው። ውሃ ተጠራቅሞብኛል። ሊቀመንበሩ ከዚህ ሰፈር የሚፈሩት ሰው የለም፤ ባለቤታቸውን ግን ይፈራሉ። እባካችሁ መጥታችሁ አስታርቁንና ወደ ቤቴ ልግባ።»

እትዬ ጽጌ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ደምሴ!»

«አቤት» አሉ ጋሽ ደምሴ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

«አንድ ቀን ‹ጽጌዬ፣ ድስቱን ስጪኝ› ብለኸኝ ታውቃለህ? የወጥ ቤቴ በር ላይ ማስጠንቀቂያ ነው የለጠፍክብኝ! ማኅተም አድርገህበት!»

ከዚያ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ሳቁ ሁለት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። እትዬ ዘነቡ እማዬ ትከሻ ላይ ወድቀዋል። ጋሽ ከድር ቆመው «ጽጌ፣ ከሱቄ የውሃ በርሜል እልክልሻለሁ፤ ድስቱን ልቀቂው!» ይላሉ። እትዬ ጽጌ «በርሜሉ ቀድሞ ይምጣ!» ይላሉ። የጋሽ ደምሴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ዞሩ። እየሳቁ ነው። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ነበር የሚያወጡት። በልጅነታቸው በፊታቸው የተንበረከኩት ጎልማሶች አፋቸውን ከፍተው ያዩአቸዋል።

ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው ወደ በረከት ዞሩ። «ውሉ ይቀጥላል። የሞት መልእክት እኔ እጽፋለሁ፤ እሱ ላይ ቀልድ የለም። ሌላውን ሁሉ ይህቺ ልጅ ትጻፍ። ከሥራ ብታስወጣት ግን ከእኛ ጋር ያለህ ነገር አለቀ።»

በረከት «ሃሌ ሉያ» አለ፤ ጮክ ብሎ። ከዚያ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰኞ ቋሚ ነሽ፤ የስህተት መልእክቶቹን በሙሉ አንቺ ጻፊያቸው» አለኝ። እማዬ ከወዲያ ሆና ለሰሚ ሁሉ «የኔ ልጅ ናት!» ትላለች። እኔ በበኩሌ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። በረከትን ዘልዬ አቅፌው ይሁን ጨብጬው አላስታውስም።

ጉባኤው ሲበተን ጋሽ ደምሴ እንደ ትምህርት ቤቱ ጊዜ በሩ ላይ ቆሙ፤ የሚወጣውን ሰው አንድ በአንድ ከላይ እስከ ታች እያዩ። ሕዝቡ ገና ሳቁ አላለቀለትም። እርሳቸው በዚያ በሰልፍ ሜዳ ድምፃቸው «ወንበር ይዞ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር!» ብለው ጮኹ። ሰፈሩ በሙሉ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ግራ ገብቷቸው አዩን፤ ከምራቸው ነበር።